የመስቀል አማርኛ

ባለፈው ኅዳር ልጄ ምህረት ከአዲስ አበባ መጥታ ሻንጣዋን ስትከፍት አንድ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ አወጣች። ሁለት ጆሮ ላይ የሚደፋ ነው፤ ከጎኑ እስከ አፍ የሚደርስ ቀጭን ዘንግ አለው፣ የዘንጉ ጫፍ በስፖንጅ ተሸፍኗል። «እማ፣ እስቲ ልክሽ ከሆነ» ብላ ሻሼን ሳላወልቅ ራሴ ላይ ደፋችው። ስፖንጁ አፍንጫዬ ሥር መጣ። የሞቀ ላስቲክና የሰው ትንፋሽ ሸተተኝ፤ ከኔ በፊት ስንት ሰው አፍ አጠገብ እንደዋለ እንጃ። ብቻ ያ ሽታ እጄን ይዞ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ወደነበረው ወደ ቡታጅራ ስልክ ቤት ወሰደኝ። «ምነው እማ፣ ጠበበሽ?» አለችኝ። «የለም፣ ልኬ ነው» ብዬ አወለቅኩት።

ያኔ ቡታጅራ አንድ ረጅም መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። አሁን ባጃጁ ከየቅያሱ እየተወረወረ አስፋልት መሻገር ጸሎት ይጠይቃል፤ ያኔ ግን ያለው ጋሪ ነው፣ ፈረሱ ራሱ ቆሞ ያሳልፋችኋል። አውቶብስ ከአዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ሥራ ፈትቶ ማን ወረደ፣ ምን ይዞ ወረደ ብሎ ይቆማል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲ ከጨመራችሁበት በስሙኒ ጠግባችሁ ትወጣላችሁ። ከሻይ ቤቱ ቴፕ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይሰማል፣ ባትሪው ሲደክም ግን ዘፈኑ እየተጎተተ ዘፋኙ ሴት ይሁን ወንድ መለየት ያቅተን ነበር። እኛም ከቴፑ ጋር እየጎተትን እንዘፍናለን። እኔ ሰማያዊ የኮንጎ ጫማ ነበረኝ። በፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ በዝናብ ውሃ ይቋጥራል፣ ግን የራሴ ነበር። ሁለት ቀሚስ ነበረኝ፤ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን።

መስቀል ሲደርስ ደግሞ ከተማዋ ሌላ ሰው ትሆናለች። መርካቶ የሚነግዱት የኛ ልጆች ሁሉ ይገባሉ። ቴትሮን ሱሪ ለብሰው፣ ሬዲዮ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ለእናታቸው የናይለን ሻሽ ይዘው። እኔን ግን ከልብሳቸው ይልቅ የሚገርመኝ አማርኛቸው ነበር። ባለፈው ፋሲካ ከኛ ጋር በመስቃንኛ፣ በኛ ጉራጌኛ፣ ሲሰዳደብ የነበረ የአጎቴ ልጅ፣ በመስቀል ተመልሶ «ይቅርታ፣ ምን አልሽኝ?» ይለኛል። እኛም የቀረነው እንዳናንስ አፋችንን እናስተካክላለን። ጉሮሯችንን ጠርገን፣ ድምፃችንን ቀጭን አድርገን፣ ቃሉን አንድ ባንድ እየለቀምን እንናገራለን። ደመራው ነዶ እንግዳው ሲመለስ ወደ አፋችን እንመለሳለን። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «የመስቀል አማርኛ» ትለው ነበር። እውነቷን ነው፤ እንደ መስቀል ልብስ አጥፈን እናስቀምጠዋለን፣ ዳኛ ፊት ስንቀርብ፣ ሐኪም ጋ ስንሄድ፣ የአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ አውጥተን እንለብሰዋለን። ይህን ነገር ሕፃን ሆኜ ስለማውቀው ነገሬ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ስልክ ቤቱ ከአውቶብስ መቆሚያው አለፍ ብሎ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባንኮኒ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚያወራበት የእንጨት ሳጥን። የሳጥኑ በር አይዘጋም፤ ቢዘጋም ለውጥ የለው፣ ሰው ሁሉ ስለሚጮህ የሁሉንም ጉዳይ ሁላችንም እንሰማለን። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ የማን በርበሬ ረጠበ። ከባንኮኒው ኋላ እትዬ ፀሐይ የምትባል ስልከኛ ማዳመጫዋን ደፍታ፣ አንዱን ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ እየሰካች «አዲስ አበባ! ሃሎ አዲስ አበባ! ቡታጅራ ነኝ!» ትላለች። ቡታጅራ ነኝ! አንዲት ሴት፣ ከተማውን ሁሉ በአፏ ይዛ። እኔ ለአባቴ የበርበሬ ዋጋ ልጠይቅ ስሄድ ይህቺን ቃል ለመስማት ብዬ ተራዬን ለሌላ ሰው የምሰጥበት ቀን ነበር።

ከገጠር የሚመጡት እናቶች አማርኛ አያውቁም። ልጃቸው አዲስ አበባ የት ሱቅ እንደሚሠራ በመስቃንኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ለእትዬ ፀሐይ በአማርኛ እነግራታለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። እትዬ ፀሐይ ባል አግብታ ልትሄድ ሲሆን «ዘነበች፣ ቦታዬን ጠይቂ። ቁጥር ታነቢያለሽ፣ ከተማው ሁሉ ያውቅሻል፣ ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እሷም አውቃው ነው ያለችው፤ ያኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ ማንበብና መጻፍ ይበቃ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ውሸት አልናገርም። ማዳመጫውን ራሱ አደረገልኝ። ከወዲያ ጫፍ አንዲት ሴት «አዲስ አበባ ነኝ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። የመስቀል አማርኛዬን ፈለግኩ፤ ጠፋኝ። ደንግጬ በራሴ አፍ፣ እቤት እንደምናገረው ተናገርኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። ደግማ «ምን አልሽ?» አለችኝ፣ ደገምኩት፣ አጠገቧ ያሉትንም ጠርታ አብረው ሳቁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከማዳመጫው የሚወጣውን ሳቅ ሰማ። ሰውዬው ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ከራሴ ላይ አወለቀና «የኔ ልጅ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው። ግን በዚህ አነጋገር ስልክ ላይ አትሆኚም» አለኝ። በኋላ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም ለልጄም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ ስልክ እፈራለሁ። ሞባይል መጥቶ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እየጮኸ ሲሄድ እኔ «አቤት፣ ደህና፣ እሺ» ብዬ ለልጅ አቀብላለሁ። ምህረት ስትወለድ ደግሞ ልጄን ማንም አይስቅባትም ብዬ ማልኩ። እቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ! አያቷ በመስቃንኛ ስታዋራት እንኳ እቆጣ ነበር። አንዲት ቃል እንደኛ ብላ ከጎተተች ከንፈሯን በጣቴ መታ አደርጋለሁ። ትንሽ ነው የምመታት፣ አያምም፤ ግን መታ አደርጋለሁ። አደገች፣ አማርኛዋ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ወልቂጤ ኮምፒውተር ተማረችና አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። እኔም ተሳካልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ሥራዋን ስትነግረኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ሰው የሚናገረውን ሰምቶ የሚጽፍና የሚመልስ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። ማንበብ የማትችል እናት ወደ አንድ ቁጥር ደውላ በአፏ ስትጠይቀው የልጇን የክትባት ቀን ወይም ሐኪሙ የሚገባበትን ቀን ይነግራታል። «ላንቺ የተሠራ ነው እኮ» አለችኝ ባለፈው መስቀል። ስልኳን ሰጥታኝ ሞከርኩት። በአማርኛ ጠየቅኩት። «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለ። ደገምኩት። ይቅርታ አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው ይቅርታ ሲለኝ ስልኩን መለስኩላትና ቆጮ ልቆርጥ ጓዳ ገባሁ። ምህረት ስልኩን እንደያዘች እዚያው ቆማ ቀረች።

እንግዲህ በኅዳር ማዳመጫውን ይዛ ስትመጣ ጉዳዩ እሱ ነበር።

«እማ፣ ስብሰባ ላይ አንቺን አነሳሁሽ» አለችኝ።

«እኔን? ምን አደረግኩ?»

«ማሽኑ የእናቴን አማርኛ አይሰማም አልኳቸው። ሁሉም በደንብ ይሰማል ይላሉ። የሞከሩት እኮ በራሳቸው ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው ባደጉ ልጆች ድምፅ።»

«ካለቃሽ ጋር ተከራከርሽ? ያውም በኔ? ልጄ፣ እንጀራሽ ነው!»

«እዚያ ክፍል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ከክፍለ ሀገር የመጣሁም እኔ ብቻ። እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገር?»

«ዝም ማለትም እኮ አለ።»

«ዝም አልኩ እንበል፤ ከዚያስ?»

ናሆም የሚባለው አለቃዋ፣ ከሷ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፣ «እሺ፣ ሦስት ሳምንት ልስጥሽ፣ ሂጂና የዚያን አገር ሰው ድምፅ ቀድተሽ አምጪ» ብሏታል። ማሽኑ ከተሻሻለ ቁጥሩ በኛም አገር ይከፈታል። ካልተሻሻለ አሁን በሚሰማቸው ሰዎች ይጀመራል፣ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይደርሳሉ። «ቀስ ብለው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ እማ» አለችኝ፤ «ቀሩ ማለት ነው።» እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። እነዚያ ልጆች የኛን ሰው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ከፍተው ሲስቁ፣ እሷ መካከል ቆማ ስትሰማ ታየኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ሳሎኑን ቢሮ አደረገችው። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አለበሰች፣ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር በወረቀት አዘጋጀች፣ ማንበብ ለማይችል ራሷ እያነበበች ታስደግመዋለች። ሰው ሁሉ ተጋብዞ፣ ፈቅዶ፣ ፈርሞ ነው። መጡ። ታጥበው፣ ለብሰው መጡ። ጋሽ ብርሃኑ የሚባል ሰፈራችን ያለ፣ አንድ ፈረስ ያለው ሽማግሌ፣ በወጣትነቱ ሦስት ዓመት መርካቶ ስለሠራ እስከ ዛሬ አዲስ አበቤ ነኝ የሚል፣ ኮት ደርቦ መጣ። ማዳመጫውን ሲያደርግ «ዜናው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ አሳቀን። አልመጣም ያለችው ሸሪፋ ብቻ ናት። ሸሪፋ ሃያ ዓመት ገበያ ላይ ጎን ለጎን በርበሬ የሸጥን ጎረቤቴ ናት። «እኔ ከሰው ጋር ነው የማወራው፣ ከማሽን ጋር ምን አለኝ» ብላ ቀረች። በሁለት ሳምንት ምህረት ብዙ ሰው ቀዳች፣ ላከች፣ ደስ አላት።

ዓርብ ከሰዓት ናሆም ደወለ። ምህረት ድምፁን ከፍ አድርጋ እኔም እሰማ ነበር።

«ምህረት፣ ድምፆቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው» አላት። «ማሽኑ ድሮም እንዲህ ያለውን ይሰማል። ከጤና ጣቢያዎች ለሙከራ የተደወለውን ግን አሁንም አይሰማም፣ ምንም ለውጥ የለም። እውነት ቡታጅራ ነው የቀዳሽው?»

«ቡታጅራ ነው! እናቴ ቤት!»

«አላመንኩሽም አላልኩም። ግን አንድ ሳምንት ነው ያለን። ካልሆነ ባለን እንጀምራለን።»

ዘጋችው። ጓዳ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ልጄን ትምህርት አጨርሼ፣ አዲስ አበባ ልኬ፣ ተመልሳ እኔ ቤት ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። «እስቲ የቀዳሽውን አሰሚኝ» አልኳት። ምን ያደርግልሻል አላለችም። ማዳመጫውን አደረገችልኝና የጋሽ ብርሃኑን ከፈተች።

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ እያለቀሰች እኔ ሳቅኩ።

«ምንድነው እማ?»

«ይሄ እኮ የመስቀል አማርኛው ነው!»

ሌላ ከፈተች፣ እሱም። የባለወፍጮዋም፣ የመምህሩም፣ የጋሪ ነጂውም። አንድም ሰው በራሱ አፍ አልተናገረም። ምን ይደረግ፣ ጠረጴዛው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ወረቀት አለ፣ ፊርማ አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የተማረች ልጅ አለች፤ ይህን ሁሉ ያየ የኛ ሰው አጥፎ ያስቀመጠውን አውጥቶ ለበሰ። ይህንን አስረዳኋት።

«ጋሽ ብርሃኑ እኮ ሁሌም እንዲህ ነው የሚያወራው፣ ለኔ» አለች።

«ላንቺ ነዋ! ለፈረሱማ እንዲህ አያወራም። ላንቺ እኮ እዚህ ከተማ ማንም በራሱ አፍ አውርቶሽ አያውቅም።»

ዓይኗን ጠረገችና አየችኝ። «አንቺስ?» አለችኝ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እኔም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ልጄን፣ እንግዳ እንደመጣ አድርጌ ነው ያዋራኋት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«በርበሬ ስንቀነጥስ ነይ» አልኳት በመጨረሻ። «ጠረጴዛውን ተዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት በኛ ግቢ ሰባት ሴቶች ነበርን። በኅዳር ወግ ነው፤ የአንዷ በርበሬ ሲደርቅ ሁላችን ተሰብስበን እንጫውን፣ ከአናቱ ያለውን ጭራ፣ እንቀነጥሳለን፣ በሌላው ቀን የሌላዋን። ምንጣፉ ላይ ቀዩ በርበሬ ተከምሯል፤ እናስላለን፣ እናስነጥሳለን፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ አፋችን ግን አያርፍም። ሸሪፋ «አሰላሙ አለይኩም፣ ማሽኗም አለች?» ብላ ገባች። ምህረት ወረቀቱን አነበበችላቸው፣ ምን እንደሚቀዳና ለምን እንደሆነ ነገረቻቸው፣ እምቢ የምትል እንደ ልቧ አለች። ሁሉም እሺ አሉ፤ ሸሪፋም «እንግዲህ በርበሬው የኔም ነው፣ አልሄድም» ብላ ፈረመች። ምህረት ማይክሮፎኑን በተደፋ ባልዲ ላይ አስቀመጠችና ዞር አለች።

እነዚያ አፋቸው የማያርፍ ሴቶች ዝም አሉ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንደምን አረፈዳችሁ፣ ውድ እናቶች» አለች። ጨርሶ የመስቀል! ምህረትን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አንድ ሰው መጀመር ነበረበት፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ማን አለ? እጄ ላይ ያለውን በርበሬ እያየሁ፣ በራሴ አፍ፣ እናቴ ስታዋራኝ በነበረው አነጋገር አማርኛዬን ጀመርኩት።

«እኔ አንድ ጊዜ ስልክ ቤት ልቀጠር ተፈትኜ ነበር» አልኩ።

«መቼ?» አለች ሸሪፋ። «ለኔ ሳትነግሪኝ?»

«ለማንም አልነገርኩም። ተሳቀብኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ከረባቱ፣ ከወዲያ ስለሳቀችው ሴትዮ፣ በኋላ መንገድ ዞሬ ስለመግባቴ። በመካከል ድምፄ ተሰብሮ ነበር፣ በርበሬው ነው ብዬ አሳለፍኩት። ምህረት ከደጁ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ከንፈሯን በጣቴ መታ አደርጋት የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ስጨርስ ሸሪፋ እጇ ላይ ያለውን በርበሬ ወረወረች።

«ወላሂ ያን ሰውዬ ባገኘው!»

«ሞቷል አሉ፣ ቆየ።»

«አላህ ይማረው። ግን ባገኘው!»

ከዚያማ ማን ያቁመን። አንዷ ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሙ ሲያናግራት ፈርታ «ሆዴን» ማለት ሲገባት «ደህና ነኝ» ብላ ስለመመለሷ አወራች። አንዷ ልጇ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ በሷ አማርኛ አፍሮ አክስቱን ስለመውሰዱ። ሳቅን፣ ተሳደብን፣ አስነጠስን፤ ሁለት እንጫው ያልተነቀለ በርበሬ የተገኘባት ሴት ላይ ፈረድንባት። ባልዲውን ማንም አላየውም። በቀሩት ቀናት እኔና ምህረት ወፍጮ ቤትም፣ ጋሪ ተራም አብረን ሄድን። እሷ ስታስረዳና ስታስፈርም እኔ ቁጭ ብዬ ወሬ እጀምራለሁ። ጋሽ ብርሃኑን ያገኘነው ለፈረሱ የብረት ጫማ ሲያስመታ ነው፤ ፈረሱ እግሩን ሲረግጠው በራሱ አፍ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አዲስ አበቤ ለመሆን አልቻለም።

ናሆም የደወለው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ይሰማል!» አለ። «ሁሉንም አይደለም፤ ብዙ ይቀራል። ግን የጤና ጣቢያ ደዋዮቹን መስማት ጀምሯል። ምህረት፣ ልክ ነበርሽ። ደግሞ ያቺ መጀመሪያ ላይ የምታወራዋ ሴትዮ ማናት?»

ምህረት በበሩ ስንጥቅ አየችኝ። «ለምን ጠየቅክ?»

በሹክሹክታ «ሳቁ ወይ በዪው» አልኳት።

«ሳቃችሁ?» አለችው።

«አንድ ቦታ ላይ ሳቅን፣ ጎረቤቷ 'ባገኘው' ስትል። ሴትዮዋ ስታወራማ ማንም አልሳቀም፤ ሥራ አቁመን ሰማናት። አንዱ ልጅ ወጥቶ እናቱ ጋ ደወለ።»

እዚያው በሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ፍርሃት እንደሆነ ከሰው አይወጣም፤ አሁንም ምህረት አንድ ቀን ስልኳን ካላነሳች በር በሩን አያለሁ። ግን በዚያች ሰዓት የስልክ ቤቱ ሳቅ ከጆሮዬ ጠፋ። አሁን ድርጅቱ ወልቂጤ ሁለት ሴት ልጆች ሊቀጥር ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌውን ሰው አነጋገር የሚቀዱ፣ ከዚያ ደግሞ የስልጤውን። ምህረት «ጠረጴዛ አትጠቀሙ» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። እኛም ቤት አንድ ነገር ተለውጧል፤ ስትደውልልኝ በራሴ አፍ አወራታለሁ፣ እሷም እየተንተባተበች በመስቃንኛ ልትመልስልኝ ትሞክራለች። በጣም ታስቃለች። አልስቅም፣ ሳቄን እይዛለሁ።

ቁጥሩ በኛ ጤና ጣቢያ ለሙከራ የተከፈተው ባለፈው ሳምንት ነው። ምህረት መጥታ ስለነበር ሸሪፋን ጠራናት፤ ዓይኗን ከታመመች ቆይታለች፣ ሐኪሙ መቼ እንደሚገባ ግን አታውቅም። ስልኩን ይዛ ጠየቀች። «ይቅርታ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለ። ሸሪፋ ግን ስልኩን እንደ ልጅ ፊቷ ላይ አምጥታ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን ምን አገኘው? ዓይኔ ነው የታመመው፣ ያንቺ ጆሮ አይደለም! የዓይን ሐኪሙ መቼ ይመጣል ነው የምልሽ!» ብላ ጮኸችባት። የምህረት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ተራ በተራ ሲወርድ አየሁት፤ ጆሮሽን ምን አገኘው የሚለውም አልቀረም። ከዚያ የአንዲት ወጣት ድምፅ፣ ለስላሳ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ፣ «የዓይን ሐኪሙ ረቡዕ ጠዋት ይገኛል። ሌላ ምን ልርዳዎት?» አለች።

ምህረት አፏን በእጇ ያዘች። የኔም ዓይን ሞልቶ ነበር። ሸሪፋ ግን ስልኩን ወደ ጎን ይዛ ታሰላስላለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት። «መለሰችልሽ እኮ!»

«መለሰች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብልህ ልጅ ናት» አለች ሸሪፋ። «አነጋገሯ ግን ገና ነው። እኛ ዘንድ አንድ ክረምት ትቀመጥና ትማር።»

ሁላችንም ሳቅን። ምህረት ግን አልሳቀችም፤ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው።